ጁንኮ ታቤይ፦ ከመኪና ወንበር ልብስ ጓንት ሰፍተው ኤቨረስት የሄዱት ሴቶች

ቅዳሜ_ተጓዥ

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ፣ መናገሻ፣ አንዳንዴም ወንጪ ከሚወጡ ቡድኖች በአንዱ ውስጥ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ልወጣ ጫማዬን ሳስር እናቴ ከኋላዬ ቆማ «ልጅ ያላት ሴት ተራራ ላይ ምን ትሠራለች?» አለችኝ። ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው። እናቴ ክፉ አስባ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ነገሩ ቀኑን ሙሉ ከሆዴ አልወጣ አለ።

ይኸው ንግግር ከሃምሳ ዓመት በፊት ጃፓን ውስጥ ለአንዲት ሴት ተነግሯት ነበር። የሷም ልጅ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሴትዮዋ ጁንኮ ታቤይ ትባላለች። ኤቨረስት ጫፍ ላይ የቆመች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። እኔ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ስሟን ሰምቼ አላውቅም ነበር። እናንተስ?

ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው። በ1939 ፉኩሺማ ውስጥ፣ ሚሃሩ በምትባል ከተማ ተወለደች። በልጅነቷ ደካማ ናት የምትባል ነበረች። አሥር ዓመት ሲሞላት አስተማሪዋ ክፍሉን ይዞ ናሱ ወደሚባል አካባቢ ሄደና ቻውሱ የሚባለውን እሳተ ገሞራ ተራራ ወጡ። ውድድር የለም፤ አንደኛ የወጣም፣ መጨረሻ የደረሰም የለም። በራሷ እርምጃ ሄዳ ጫፍ ደረሰች። ስፖርት ላይ ሁሌ ወደ ኋላ ለምትቀር ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል፤ እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

ቤተሰቧ ለተራራ የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረውም። ቶኪዮ፣ ሾዋ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ገብታ የእንግሊዝና የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ተማረች። ሐሳቧ አስተማሪ መሆን ነበር። በ1962 ስትመረቅ ግን የተራራ ክበቦችን በር ማንኳኳት ጀመረች። ክበቦቹ የወንዶች ናቸው። አንዳንዱ እሺ ብሎ ተቀበላት። አንዳንዱ ከሴት ጋር አልወጣም አለ። «ባል ፍለጋ ነው የመጣችው» ያላትም አለ።

ባሏን ማሳኖቡ ታቤይን ያገኘችው ተራራ ላይ ነው፣ ታኒጋዋ በሚባለው። ታኒጋዋ ቁመቱ 1,977 ሜትር ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ ያንሳል። ግን ከ800 በላይ ሰው የሞተበት ገደል ነው። እዚያ ገመድ የያዘልሽ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ቶሎ ነው የምታውቂው።

በ1969 የሴቶች የተራራ ክበብ መሠረተች። መፈክራቸው «በራሳችን ወደ ውጭ ሀገር ተራራ እንሂድ» የሚል ነው። በዓመቱ ኔፓል ያለውን አናፑርና ሦስትን (7,555 ሜትር) ሞከሩ። ግንቦት 1970 ጁንኮና ሂሮኮ ሂራካዋ ከሁለት ሼርፓዎች (የሂማሊያ ተወላጅ ተራራ መሪዎች) ጋር ጫፍ ደረሱ፣ ያውም በደቡብ በኩል አዲስ መንገድ ከፍተው።

እዚያ ጉዞ ላይ አንድ ነገር አስቸገራቸው። እንደ ጨዋ ሴት ነው ያደጉት፤ ቢያማቸውም ዝም፣ ባይገባቸውም ዝም። ተራራ ላይ ደግሞ ዝምታ ይገድላል። «አልቻልኩም፣ እርዱኝ» ማለትን መማር ነበረባቸው። ይህቺን ቦታ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኳት።

ቀጥሎ ኤቨረስትን አሰቡ። ፈቃድ ጠየቁና ተራ እስኪደርሳቸው አራት ዓመት ጠበቁ። በዚያ መሃል 15 ሴቶች ተሰባሰቡ። አስተማሪዎች አሉባቸው፣ ኮምፒውተር ላይ የምትሠራ አለች፣ ከወጣቶች ጋር የምትሠራ አማካሪ አለች። መሪያቸው ኤይኮ ሂሳኖ ነበረች፣ ጁንኮ ምክትል። ስፖንሰር ፍለጋ ኩባንያ ለኩባንያ ዞሩ። መልሱ አንድ ነበር፦ ልጆቻችሁን ብታሳድጉ ይሻላል። በመጨረሻ ሰዓት ዮሚዩሪ ሺምቡን ጋዜጣና ኒፖን ቴሌቪዥን ገንዘብ ሰጡ። ያም አልበቃም። እያንዳንዷ 1.5 ሚሊዮን የን ማዋጣት ነበረባት። የጁንኮ የዓመት ደመወዝ ገደማ ነው።

እና ምን አደረጉ? ጁንኮ ቀን የፊዚክስ መጽሔት አርታኢ ሆና ትሠራለች፤ ከሥራ ውጭ ፒያኖ ታስተምራለች። ዕቃ ለመግዛት አቅም ሲያጡ ራሳቸው ሰፉት። ከመኪና ወንበር ልብስ ውሃ የማያስገባ ጓንት ሰፉ። ከአሮጌ መጋረጃ ከላይ የሚደረብ ሱሪ ሰፉ። የመኝታ ከረጢታቸውን ከቻይና በመጣ የዝይ ላባ ሠሩ። አስተማሪ የሆኑት ደግሞ ተማሪዎቻቸው ከምሳ የተረፈ ማርማላታ በትንንሽ እሽግ ያጠራቅሙላቸው ነበር።

ማርማላታው ላይ ስደርስ አለቀስኩ። ልጆቹ ከትሪያቸው አንስተው ለእትዬ ለኤቨረስት ሲሰጡ ታየኝ።

የቀረውን ቀጥዬ እጽፋለሁ። ልጄ ነቃች።

መርፌና_ክር

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ 20 ዓመት ሆኖኛል። ተራራ አላውቅም። ግን ጓንቱ ላይ ልናገር።

የመኪና ወንበር ልብስ የሰፋ ሰው ያውቀዋል። ወፍራም ነው፣ ይንሸራተታል፣ መርፌ ይሰብራል። ከሱ መቀመጫ ይሠራል እንጂ ጣት አይሠራም። አምስት ጣት ያለው ጓንት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። በጣትና በጣት መሃል ያለችው ቁራጭ የጥፍር ያህል ናት። ማሽን አይገባባትም፣ በእጅ ነው። ስፌቱ በጠበበ ቁጥር ቀዳዳው ይበዛል፣ ቀዳዳው በበዛ ቁጥር ውሃ ይገባል። አራርቀሽ ከሰፋሽው ደግሞ ይተረተራል። እዚህ ዝናብ ላይ ቢተረተር እጅሽ ይርሳል፣ በቃ። እዚያ ላይ ግን ጣት ነው የሚቀረው።

እነዚህ ሴቶች ማታ ከሥራ መጥተው፣ ልጅ አስተኝተው ይህን ከሰፉ፣ ግማሹን መንገድ እዚያው ጨርሰዋል እላለሁ።

12ኛ_ክፍል

እህቴ፣ እባክሽ ቶሎ ቀጥይ። ጫፍ የደረሰችው እሷ ብቻ ናት? ሌሎቹስ የት ቀሩ?

የደባርቅ_አስጎብኚ

ሰላም። ታሪኩ ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፣ በክፉ አትዩብኝ።

እኔ ሰሜን ተራሮች ላይ እንግዳ ይዤ ስወጣ 11 ዓመቴ ነው። ራስ ደጀን ስንት ጊዜ እንደወጣሁ ቆጥሬ አላውቅም። እንግዳው ጫፍ ላይ ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶውን የማነሳው እኔ ነኝ። ድንኳኑን በበቅሎ ያመጣው ልጅ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ ሻይ ያፈላው ልጅ ፎቶው ውስጥ የሉም። አገሩ ሲመለስ «ወጣሁ» ይላል። ውሸት አይደለም፣ ወጥቷል። ግን ብቻውን አልወጣም።

ሼርፓዎቹም እንደዚያ ናቸው። ቀድመው ሄደው ገመድ ያሰሩት እነሱ፣ ኦክስጅኑን የተሸከሙት እነሱ። ከጁንኮ ጋር ጫፍ የደረሰው ሰው ማን ነው? ስሙ አለ ወይስ «ከሼርፓ ጋር» ተብሎ ታልፏል?

ቅዳሜ_ተጓዥ

ተመለስኩ። ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትክክል ነው። ስሙ አለ፤ አንግ ጼሪንግ ይባላል። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም የሚነሳው። ከጫፉ በፊት ሕይወቷን ያተረፈ እሱ ነው።

ግንቦት 4 ቀን 1975 ነው። በ6,300 ሜትር ላይ፣ ካምፕ ሁለት ተኝተዋል። ሌሊት ላይ የበረዶ ናዳ መጣ። ጁንኮና አብረዋት ድንኳን ውስጥ የነበሩት አራት ሴቶች ከነድንኳናቸው ተቀበሩ። በላይዋ ጓደኞቿ፣ በነሱ ላይ በረዶ። መንቀሳቀስ የለም፣ መተንፈስም የለም። ራሷን ሳተች፤ ስድስት ደቂቃ ያህል። አንግ ጼሪንግ ነው ቆፍሮ ጎትቶ ያወጣት። የሚገርመው ማንም አልሞተም።

ሁለት ቀን መራመድ አቃታት። መላ አካላቷ ቆስሎ ነበር። ውረጂ ሲሏት እምቢ አለች። ሁሉም በሕይወት እንዳሉ ካወቀች በኋላ ሐሳቧ ወደ ላይ ብቻ ነበር። ከ12 ቀን በኋላ፣ ግንቦት 16፣ ጫፍ ደረሰች። እዚያ የነበሩት ሁለት ሰዎች እሷና አንግ ጼሪንግ ብቻ ናቸው።

12ኛ_ክፍል፣ የጠየቅከው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሁለት ሴቶች ከሼርፓዎች ጋር እንዲሄዱ ነበር። ነገር ግን ሼርፓዎቹን የከፍታ ሕመም አገኛቸውና ለሁለት ሴት የሚበቃ የኦክስጅን ጠርሙስ ወደ ላይ ማድረስ አልተቻለም። ለአንዷ ብቻ ደረሰ። መሪዋ ሂሳኖ ጁንኮን መረጠች። ይህን ሳነብ የሌላዋን ፊት ነው ያሰብኩት። ጓንት አብራ የሰፋችውን፣ 1.5 ሚሊዮኗን ያዋጣችውን።

ሌሊት_ፈረቃ

ነርስ ነኝ፣ የምኖረው ዴንቨር ነው። ስለ ከፍታው ትንሽ ልጨምር፤ ብዙ ሰው ተሳስቶ ነው የሚረዳው።

ላይ ኦክስጅን የለም ይባላል። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ቦታ አንድ ነው፣ 21 በመቶ ገደማ። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። አዲስ አበባ ላይ ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ኤቨረስት ጫፍ ላይ፣ በ8,848 ሜትር፣ አንድ ሦስተኛ ብቻ ይቀራል። አንድ ትንፋሽ ስትስቢ ሳንባሽ የሚያገኘው የለመደውን ሲሶ ነው።

ሰውነት ቀስ ብሎ ይለምዳል። ለዚህ ነው ካምፕ ላይ ካምፕ እየተከሉ ወጣ ወረድ የሚሉት። ካልለመደ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ከባሰ ሳንባ ውስጥ ውሃ ይቋጥራል፣ አንጎል ያብጣል። ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው። ከ8,000 ሜትር በላይ ግን መልመድ የሚባል ነገር የለም። ሰውነት የራሱን ጡንቻ መብላት ይጀምራል። ጠርሙስ ኦክስጅን ቢኖርም ያው ነው፣ ትንሽ ጊዜ ይገዛል እንጂ።

እንግዲህ አስቡት። ይህቺ ሴት ቁመቷ 1.5 ሜትር ገደማ ናት። በናዳ ተቀብራ፣ ራሷን ስታ፣ ሁለት ቀን መራመድ አቅቷት ነበር። እኔ ክፍል የምትተኛ ታካሚ ብትሆን በ12ኛው ቀን ገና ደረጃ ቀስ ብለሽ ውጪ ነው የምላት።

ለደባርቁ ወንድሜ ደግሞ አንድ ነገር። ሼርፓዎች በብዙ ትውልድ ሰውነታቸው ከከፍታው ጋር ተስማምቷል፤ ደማቸው እንደኛ እንደ ቆላዎቹ አይወፍርም። የሰሜን ደጋ ሰዎችም ተጠንተዋል። ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ አማሮች ላይ በተሠራ ጥናት የቀይ ደም መጠናቸው ከባሕር ዳርቻ ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኝቷል። የናንተ ሰው ነው እንግዲህ።

የደባርቅ_አስጎብኚ

ይህን ዛሬ ነው የሰማሁት። እውነት ይሁን? እናቴ ሰሜን ተራሮች ላይ ካለው ከጨነቅ ካምፕ በላይ ተወልዳ ያደገች ናት። ገበያ ስትሄድ በጀርባዋ ጭነት ይዛ ዳገቱን ትወጣዋለች፣ እያወራች። ፈረንጆቹ እዚያው ዳገት ላይ የጫማ ክር ለማሰር ጎንበስ ብለው መነሳት ያቅታቸዋል። ከንፈራቸው ሲጠቁር ነው የማስቆማቸው። አንዱ፣ ጉልበተኛ የሚመስል ሰው፣ ጓንቱን በግራ በቀኝ አሳስቶ አድርጎ አምስት ደቂቃ ሲታገል አይቻለሁ። ያውም በ4,500 ሜትር።

ስሙን ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ እህቴ። አንግ ጼሪንግ። ያዝኩት።

ጡረተኛ_መምህር

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ሳነብ አመሸሁ። ጁንኮ ጫፍ የደረሱበት ቀን በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 8 ቀን 1967 ዓ.ም. ይውላል። በዚያ ዓመት እኔ የእድገት በኅብረት ዘማች ነበርኩ፣ ገጠር። የኤቨረስቱን ወሬ አልሰማነውም፤ ራዲዮኑ የራሳችን ጉዳይ ሞልቶት ነበር። ሴት ዘማቾች ግን አብረውን ነበሩ። ጭቃውን፣ ትኋኑን፣ ረሃቡን ከእኛ እኩል ነው የቻሉት። የገጠሩ ሰው መጀመሪያ «እነዚህ ልጆች አባት የላቸውም ወይ?» ይል ነበር። ቅዳሜ_ተጓዥ የእናትሽ ነገር ይህን አስታወሰኝ።

1975 የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ዓመት ብሎ የሰየመው ዓመትም ነበር። ዕቅዳቸው ግን ከዚያ በፊት ነው የተጀመረው።

አንዲት ሌላ ሴትም አትረሳ። ጁንኮ ከወጡ ከ11 ቀን በኋላ፣ ግንቦት 27፣ ፓንቶግ የምትባል የቲቤት ሴት በሰሜን በኩል፣ ከቻይና ቡድን ጋር ጫፍ ደርሳለች። ሁለቱ ተራራው ላይ አንዷ በአንድ ፊት፣ ሌላዋ በሌላው ፊት ነበሩ ማለት ነው። ሦስተኛዋ ፖላንዳዊቷ ቫንዳ ሩትኪየቪች ናት፣ ጥቅምት 1978። እሷ ኋላ በ1986 ኬ2ን፣ ከኤቨረስት ቀጥሎ ረጅሙን ተራራ፣ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1992 ካንቼንጁንጋ የሚባል የሂማሊያ ተራራ ላይ ቀረች። አስከሬኗም አልተመለሰ።

ቅዳሜ_ተጓዥ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ፓንቶግ እኔ ያነበብኩት ባንድ መስመር ነበር።

የጫፉን ቀን ልንገራችሁ፣ ከሁሉም ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ጁንኮ የቀደሙትን ሰዎች መዝገብ ሁሉ አንብባለች። መንገዱ ኤድመንድ ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጌ በ1953 የሄዱበት ነው፤ የደቡቡ። ስለዚህ ምን እንደሚጠብቃት የምታውቅ መስሏታል። ጫፉ ሲቃረብ ግን ማንም ያልጻፈው ነገር ፊቷ ቆመ። እንደ ቢላዋ ስለት የቀጠነ የበረዶ ሸንተረር። በግራ ኔፓል፣ በቀኝ ቻይና፣ ሁለቱም ወገን ገደል። ተናደደች። ይህን ያህል ሰው አልፎበት አንዱ እንኳ እንዴት አይጽፍም ብላ ተናደደች።

ቆሞ መሄድ አይሞከርም። ሸንተረሩን ታቅፋ፣ ደረቷን ወደ ቻይና፣ እግሮቿን ወደ ኔፓል አድርጋ ወደ ጎን ተሳበች። እጅ፣ እግር፣ እጅ፣ እግር። በሕይወቷ እንደዚያ ተጨንቃ እንደማታውቅ፣ ፀጉሯ ሁሉ እንደቆመ ኋላ ተናግራለች።

ጫፉ ላይ ስትደርስ እልል አላለችም። «አሁን ከዚህ በላይ መውጣት የለብኝም» ነው ያለችው በልቧ። እፎይታ ብቻ ነበር የተሰማት። ወንጪን የወጣሁበትን የመጀመሪያ ቀን አስታወስኩ። ከፍታው አይገናኝም፣ አውቃለሁ፤ እፎይታዋ ግን ገባኝ።

ቤተኛ_77

የምጠይቀው ባልየውን ነው። ልጅቷን ማን ያዘ? የሦስት ዓመት ልጅ ነው የምታወሩት። እኔ አባት ነኝ። ባለቤቴ ለወራት ኔፓል እሄዳለሁ ብትለኝ ምን እንደምላት አላውቅም። እውነቱን ነው የምነግራችሁ።

ቅዳሜ_ተጓዥ

እውነቱን ስለተናገርክ ደስ ብሎኛል። ልጅቷን የያዘው ባሏ ነው። ማሳኖቡ ቤት ቀረ። እሱም ተራራ ወጪ ነው፤ መሄድ የሚፈልግ ሰው ነው። ግን ቀረ። የጃፓን አባት በ1975 ከሥራ መልስ ልጅ እያበላ ማየት ለጎረቤቱ ቀላል አልነበረም ብዬ አስባለሁ።

በ1978 ወንድ ልጅ ወለዱ። ከዚያም በኋላ አላቆመችም። ሂማሊያ ላይ ሺሻፓንግማ 1981፣ ቾ ኦዩ 1996። የየአህጉሩን ትልቅ ተራራ ደግሞ አንድ ባንድ ጨረሰች። በ1980 አፍሪካችን መጥታ ኪሊማንጃሮን ወጣች። ደቡብ አሜሪካ ላይ አኮንካጓ 1987፣ ሰሜን አሜሪካ ላይ ዴናሊ 1988፣ አውሮፓ ላይ ኤልብሩስ 1989፣ አንታርክቲካ ላይ ቪንሰን 1991። በ1992 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ፑንቻክ ጃያን ስትወጣ ከኤቨረስት ጋር ሰባቱንም የጨረሰች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ያኔ 52 ዓመቷ ነው።

ይህን ሁሉ በማን ገንዘብ? ከኤቨረስት በኋላ የኩባንያ ስፖንሰር አልፈልግም አለች። ስብሰባ ላይ ተናግራ፣ ሰዎችን ተራራ እየመራች፣ ሙዚቃና እንግሊዝኛ እያስተማረች ነው የከፈለችው። «ልጅ አሳድጉ» ያሏት ኩባንያዎች አሁን ደጇን ሲያንኳኩ በሩን አልከፈተችም። እኔ ብሆን ብሩን የምቀበል ይመስለኛል።

ደግሞ «የመጀመሪያዋ ሴት» ሲሏት ብዙም አትወድም ነበር። ኤቨረስትን የወጣሁ 36ኛ ሰው ነኝ ትላለች። ከሷ በፊት የወጡት ሁሉም ወንዶች ናቸው።

ሌሊት_ፈረቃ

«36ኛ ሰው» ላይ ሁለት ሐሳብ አለኝ። ትሕትናዋን እወዳለሁ። ግን አንዲት ወጣት ልጅ «የመጀመሪያዋ ሴት» የሚለውን ስትሰማ የሚሰማት ነገር አለ። እኔ ነርሲንግ ትምህርት ቤት ሳለሁ እንደዚህ ዓይነት ታሪክ ቢነገረኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። ስለዚህ እሷ 36ኛ ትበል፣ እኛ የመጀመሪያዋ እንበል።

መርፌና_ክር

እኔ ከጁንኮ ጋር ነኝ። ልብስ ስሰፋ «ወንድ ሆነህ የሴት ቀሚስ» ይሉኛል። ቀሚሱ ያምራል ወይ ነው ጥያቄው።

12ኛ_ክፍል

አሁን ኤቨረስት ላይ ሰልፍ እንዳለ፣ ቆሻሻ እንደሞላ በቪዲዮ አይቻለሁ። እሷ ይህን አይታ ምን አለች?

ቅዳሜ_ተጓዥ

አለች፣ ያውም ከብዙዎች በፊት። ስድሳ ዓመት ሲሞላት ተመልሳ ትምህርት ቤት ገባች። ኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ በ2000 የድኅረ ምረቃ ትምህርት አጠናች። ርዕሷ ተራራ ወጪዎች ኤቨረስት ላይ ትተውት የሚመጡት ቆሻሻና በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነበር። ባዶ የኦክስጅን ጠርሙስ፣ የተቀደደ ድንኳን፣ የምግብ ቆርቆሮ፣ የሰው ዓይነ ምድር። በረዶ ላይ አይበሰብስም። በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ታች ያሉ መንደሮች ወደሚጠጡት ውሃ ይገባል። የሂማሊያን ተራሮች ለመጠበቅ ጃፓን ውስጥ የተቋቋመ ድርጅትንም መርታለች፤ ጽዳት ዘመቻዎችንም ይዛ ወጥታለች።

የደባርቅ_አስጎብኚ

ይህ የኛም ቁስል ነው። ሳንካበርና ጊች ካምፕ አካባቢ ድንጋይ ሥር የተወሸቀ ሶፍት፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ ባትሪ አለ። ጭላዳዎቹ ፕላስቲኩን አንስተው ሲያላምጡት አይቻለሁ። ጥሎት የሚሄደው ፈረንጅ ብቻ አይደለም፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣውም ነው። እኔም ጀማሪ ሳለሁ አቃጥለን ነበር የምንሄደው። አሁን በቅሎ ላይ ጭነን ደባርቅ እናወርዳለን። በቅሎ ጫኞቹ መጀመሪያ ቆሻሻ አንጭንም ብለው ነበር። አሁን በኪሎ ተጨማሪ እንከፍላቸዋለን።

ቤተኛ_77

የመጨረሻ ጊዜዋስ እንዴት ነበር? በሕይወት የለችም አይደል?

ቅዳሜ_ተጓዥ

የለችም። ጥቅምት 20 ቀን 2016 ዐረፈች፣ በ77 ዓመቷ። በ2012 ካንሰር አገኛት። ሕክምናውን እየወሰደች ተራራ መውጣቷን ቀጠለች።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ አንድ ሥራ ነበራት። በ2011 ያ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ የመታው የትውልድ አካባቢዋን ነው፤ ፉኩሺማና ጎረቤቶቿን። ከዚያ አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን እየሰበሰበች በየዓመቱ በጋ ፉጂ ተራራ ታወጣቸው ነበር። ፉጂ 3,776 ሜትር ነው። ቤታቸውን የተነጠቁ ልጆች ናቸው።

ሐምሌ 2016 ለመጨረሻ ጊዜ አብራቸው ወጣች። ካንሰሩ በርትቶባታል። 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ስትደርስ ቆመች። ልጆቹ አልፈዋት ወደ ላይ ሄዱ። ከሦስት ወር በኋላ ሞተች። ያንን ጉዞ አሁን ልጇ ይመራዋል፣ ከኤቨረስት በኋላ የተወለደው።

ለእናቴ ትናንት ማታ ሁሉንም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «መጋረጃውን ቀድዳ ቤቷ ምን አጋረደች?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ቅዳሜ ግን ልጅቷን እኔ እይዛለሁ ብላለች።

ጡረተኛ_መምህር

ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

የደባርቅ_አስጎብኚ

ነገ ጠዋት አራት እንግዶች ይዤ ከጨነቅ ተነስቼ ወደ አምቢቆ እወርዳለሁ፣ ከዚያ ራስ ደጀን። አብሮኝ ለሚሄደው በቅሎ ጫኝ ልጅ ማታ እሳት ዳር ስለ አንግ ጼሪንግ አወራሁለት። ናዳውን፣ ቁፋሮውን፣ ሸንተረሩን፣ ሁሉንም። እስከ መጨረሻው ሰማና «ስንት ከፈሉት?» አለኝ። የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ። እስከ ሐሙስ ኔትወርክ የለኝም፣ ስመለስ አነበዋለሁ።